የሹፌሩ አካውንት አልገባ ሲል፦ ይታረም፣ ይታገድ ወይስ ተሰርዞ አዲስ ይከፈት?

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው አንዱ ሹፌራችን የደወለልኝ። መገናኛ ቆሟል። ሞተሩ ላይ 11 እቃ ጭኗል። "እህቴ፣ አፑ አላስገባ አለኝ እኮ። እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም ነው የሚለኝ።" ከጀርባው የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማኛል። በሌላኛው ስልክ ደግሞ ደንበኛ "የት ደረሰ?" እያለ ይጠይቀኛል።

ያን ቀን መጀመሪያ የመጣልኝን አደረግኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አካውንቱን ፈልጌ ሰረዝኩት። በስሙ አዲስ ከፈትኩለትና ፓስወርዱን ላክሁለት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ገባ። "ተባረኪ" ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ።

ጉዱ የታየው ማታ ሂሳብ ስንዘጋ ነው። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ያደረሰው እቃ በሙሉ ሪፖርቱ ላይ የለም። እኛ ለሹፌሮቻችን የምንከፍለው በጉዞ ብዛት ነው። የ22 ቀን ሥራው ከአካውንቱ ጋር አብሮ ሄዷል። ደረሰኝ፣ የቴሌግራም መልእክትና የቴሌብር ማረጋገጫ እየለቃቀምን በእጅ ስንቆጥር ሁለት ምሽት ቢሮ አመሸን። እሱ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ግን የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለው በዚያ ገንዘብ ነው። ሳስበው አሁንም ይከብደኛል።

የችግሩ ምንጭ ደግሞ አንዲት ዜሮ ነበረች። ባለፈው ቀን ሲም ቀይሮ ነበር። ቁጥሩን ሥርዓቱ ላይ የቀየረለት ሰው የአገር ኮዱን 251 ብሎ ከጻፈ በኋላ ዜሮዋን ሳያወጣ 07 ብሎ ቀጠለ። ዜሮዋን አጥፍቶ "አስቀምጥ" የሚለውን መጫን ብቻ ይበቃ ነበር።

ይህን የምጽፈው በትናንሽ የእቃ ማድረሻ ድርጅቶች ውስጥ ዲስፓች ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ ለሹፌር የሚመደብበት ቦታ ላይ፣ ለተቀመጣችሁ ነው። የሹፌር አካውንት ሲያስቸግር ከፊታችሁ አምስት ስድስት መንገድ አለ። አብዛኞቹ ሹፌሩን ያስገቡታል። ልዩነታቸው የሚታየው ማታ ነው።

መጀመሪያ፦ "አልሠራም" ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሹፌር "አካውንቴ አልሠራም" ሲል አራት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ጭራሽ አላስገባ ሲለው ነው። ሌላው ገብቶ ትዕዛዝ ሳይታየው ሲቀር ነው። ሦስተኛው፣ ትዕዛዙ ይታየዋል፣ እናንተ ጋ ግን ካርታው ላይ እሱ የለም። አራተኛው ገብቶ ትንሽ ቆይቶ ሲያስወጣው ነው።

በአብዛኛው የአካውንት ጉዳይ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ትዕዛዝ አለመታየት ብዙ ጊዜ የምደባ ጉዳይ ነው። እቃው ለሌላ ቡድን ተመድቧል፣ ወይም ሹፌሩ "ሥራ ጀምር" የሚለውን አልተጫነም። ካርታ ላይ አለመታየት የስልኩ ፈቃድ ነው። እየቆየ የሚያስወጣው ከሆነ ያው አካውንት ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ሥርዓት ሁለተኛው ስልክ ሲገባ የመጀመሪያውን ያስወጣል። ለእነዚህ ለሦስቱ አካውንት መሰረዝ ጥርስ ላመመው ሰው እግሩን እንደማሸት ነው።

ስለዚህ በቃል አትመኑ። ስክሪንሹት በቴሌግራም ያስልኩ። "ተጠቃሚው አልተገኘም" እና "ፓስወርድ ተሳስቷል" የሚሉት ለተቸኮለ ሰው አንድ ናቸው፤ ለእናንተ ግን ሁለት የተለያየ መንገድ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥሩን እዩ ይላችኋል። ሁለተኛው ፓስወርዱን ቀይሩ ይላችኋል። "አካውንቱ ንቁ አይደለም" ካለ ደግሞ ወይ አንድ ሰው አግዶታል፣ ወይ የገዛችሁት ጥቅል የሹፌር ቁጥሩ ሞልቷል። ጥቅል ሲሞላ አዲስ ብትከፍቱም አይረዳም፤ አዲሱም እንደዚያው ተዘግቶ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ስልክ ወይም ሲም ቀይረሃል? በዚሁ አፕ ለሌላ ድርጅት ትሠራለህ? ሁለተኛው ብዙ ሰው አይታየውም። ቀን ለእኛ፣ ማታ ለሌላ የሚሠራ ልጅ አለን። ሁለታችንም የምንጠቀመው አንድ ሶፍትዌር ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ድርጅት ውስጥ ሲኖር አፑ በሌላኛው በኩል ይከፈታል፤ እሱም "ትዕዛዝ ጠፋብኝ" ብሎ ይደውላል። የድርጅቱን ስም ከላይ መርጦ መቀየር ብቻ ነው።

ማረም ወይስ አዲስ መክፈት?

ዋናው ምርጫ ይህ ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው።

ማረም ማለት ያለውን አካውንት ከፍቶ ቁጥሩን፣ ኢሜይሉን፣ ቡድኑን ወይም የሥራ ድርሻውን ማስተካከል ነው። ታሪኩ አይነካም። ያደረሰው፣ የሰበሰበው ብር፣ ደንበኛ የሰጠው ኮከብ ሁሉ ቦታው ላይ ይቆያል። ጉዳቱ አንድ ነው፦ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተበላሸው ነገር የቱ እንደሆነ ማግኘት አለባችሁ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው። ከ251 በኋላ ዘጠኝ አሃዝ መኖር አለበት። አስር ከሆነ ዜሮዋ አልወጣችም። ስምንት ከሆነ አንድ ተዘሏል። ሌላም አለ። ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ውስጥ በይፋ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ የአገር ውስጥ ሥርዓት ካላችሁ በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ የመጣ ሹፌር በተደጋጋሚ ካልገባ ይህን ለሠሪው ጠይቁት።

ቀጥሎ የሥራ ድርሻው። "ዲስፓቸር" ተብሎ የተመዘገበ ሰው የሹፌሮቹን አፕ ሲከፍት ላያስገባው ይችላል። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ያንን ለማግኘት አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

አዲስ መክፈት ፈጣን ነው። ግን አዲስ የምትከፍቱት ብዙ ጊዜ የድሮው ስላልተገኘ ነው፤ ያልተገኘውም በእኛው ፊደል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ኃይሉን አንዱ ኃይሉ፣ ሌላው ሃይሉ፣ ሦስተኛው ሀይሉ ብሎ ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያየ ቃል ነው። ፀሐይ እና ጸሀይ፣ ሠናይት እና ሰናይት፣ ዓለሙ እና አለሙም እንደዚያው ናቸው። በላቲን ፊደል የመዘገባችሁ ከሆነ ደግሞ ብሶ ቁጭ ይላል፤ ዮሐንስ ብቻውን አምስት ስድስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ፈልጋችሁ "የለም" ስትባሉ አዲስ ትከፍታላችሁ። አሁን አንድ ሰው ሁለት አካውንት አለው። ጠዋት ትዕዛዙን በአንዱ ትመድባላችሁ፣ እሱ በሌላው ገብቶ ባዶ ገጽ ያያል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሹፌር በስም አትፈልጉ። በስልክ ቁጥሩ የመጨረሻ አራት አሃዝ ፈልጉ። እኛ ከስሙ ቀጥሎ የመለያ ቁጥርም እንጽፋለን። ቅጹ "የቤተሰብ ስም" ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ የአባት ስም ይግባ፤ አንዱ የአባት፣ አንዱ የአያት ስም ከሞላ ዝርዝሩ ይተራመሳል።

ማገድ ወይስ መሰረዝ?

ሹፌር ሥራ ሲለቅ፣ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ለጥቂት ጊዜ ሲያርፍ ማገድ ነው የሚሻለው። ማገድ በሩን ይዘጋል፣ ቤቱን አያፈርስም። ልጁ ከሦስት ወር በኋላ ቢመለስ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ አካውንቱን መልሳችሁ ትከፍቱለታላችሁ። ስልክ ከተሰረቀ ደግሞ ማገድ ብቻውን አይበቃም፤ "ከሁሉም ስልክ አስወጣ" የሚል ካለ እሱንም ተጫኑ። አፑ ውስጥ የደንበኞች ስም፣ ስልክና የቤት አቅጣጫ አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማገድ ላይ አንድ ቅሬታ አለ። አንዳንድ ሶፍትዌር የታገደውን አካውንትም ከጥቅሉ ይቆጥራል። ውል ስትገቡ ይህን ጠይቁ። የሚቆጥር ከሆነ ሪፖርቱን አውርዳችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ መሰረዝ ትችላላችሁ።

መሰረዝ ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። ለሙከራ የተከፈተ አካውንት ይሰረዝ። አንድም ጉዞ የሌለው ድርብ አካውንት ይሰረዝ። የለቀቀ ሠራተኛ "መረጃዬን አጥፉልኝ" ቢል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚመለከተው ጉዳይ ነውና በቁም ነገር ያዙት። ከዚህ ውጭ ግን በሥራ ሰዓት፣ እቃ ጭኖ የቆመ ሹፌር አካውንት አይሰረዝም። በእጁ ያሉት ትዕዛዞች ወይ ባለቤት አልባ ይሆናሉ፣ ወይ አብረው ይጠፋሉ። እኛ ቢሮ አሁን የመሰረዝ ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እኔ ራሴ የለኝም። እንዲወጣልኝ የጠየቅሁት እኔው ነኝ።

መውጣት፣ ዳታ ማጽዳት፣ አፑን ማጥፋት

"አጥፍተህ ጫነው" ማለት ሁላችንም አፍ ላይ ያለ ምክር ነው። አንድ ነገር ሳታረጋግጡ ግን አትበሉት።

ሹፌሩ እቃ ሲያደርስ ፎቶ ያነሳል፣ ደንበኛው ያስፈርማል። ኔትወርክ ከሌለ ይህ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ተራ ይጠብቃል። ኔትወርክ ሲመጣ ነው የሚላከው። ሳይላክ አፑ ከጠፋ ፎቶውም ፊርማውም ይጠፋል። ከዚያ ደንበኛ "እቃው አልደረሰኝም" ቢል ሹፌሩ በምን ይከራከራል?

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ አፑን ዘግቶ መክፈት። ካልሆነ ካሽ ማጽዳት፤ ካሽ ጊዜያዊ ፋይል ብቻ ነው የሚያጠፋው። ዳታ ማጽዳት ግን ሌላ ነው። ስልኩ መቼት ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ሹፌሩ የቱን እንደሚጫን በስም ንገሩት። ዳታ ማጽዳትና አፑን ማጥፋት ውጤታቸው አንድ ነው፦ ያልተላከው ሁሉ ይሄዳል። ከአካውንት መውጣትም በአንዳንድ አፕ ያንኑ ያደርጋል። እነዚህን ከማድረጉ በፊት ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይቁም፣ "ያልተላከ" የሚለው ቁጥር ዜሮ መሆኑን ይይ። አፑ ቁጥር የማያሳይ ከሆነ እናንተ በኮምፒውተሩ የመጨረሻው ፎቶ መድረሱን እዩለት።

እንደገና ሲጭን ደግሞ ከፕሌይ ስቶር ይጫን። ከጓደኛው በዜንደር የተቀበለው አፕ አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ራሱን ላያድስም ይችላል። ሥርዓቱ የድሮውን አልቀበልም ሲል "አካውንቴ ተዘጋ" ይላችኋል። ማደስ እምቢ ካለው ሚሞሪውን እዩት። ብዙ ጊዜ የቴሌግራም ቪዲዮ ሞልቶት ነው።

የሌላ ሹፌር አካውንት ማዋስ

ይህን እንደ አማራጭ መቁጠር አልነበረብኝም፤ ግን በየቀኑ ስለሚደረግ ልናገር። "ለዛሬ በከበደ አካውንት ግባ" ይባላል። ያስገባዋል፣ እቃውም ይደርሳል። ማታ ግን የተሰበሰበው ብር በከበደ ስም ነው። 400 ብር ቢጎድል ማነው ተጠያቂው? ሁለቱ ጓደኛሞች ነበሩ፤ በዚህ ምክንያት ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ደንበኛውም መልእክት ላይ የተጻፈለት ስምና በሩ ላይ የቆመው ሰው ሲለያይበት ይደነግጣል፣ ልክም ነው።

እቃው አፍጥጦ ሰዓት ከሌለ ከዚህ የሚሻለው ወረቀት ነው። አድራሻዎቹን በቴሌግራም ላኩለት፣ ደንበኛው ወረቀት ላይ ይፈርምለት፣ ፎቶውን ለእናንተ ይላክ። ማታ እናንተ በእጅ "ደርሷል" ትላላችሁ። ይሰለቻል፣ ግን ሥራው በስሙ ይቆጠርለታል።

አካውንት የሚመስሉ የስልክ ችግሮች

ሰዓቱን ላስቀድም። አንዳንድ ሹፌር፣ በተለይ ጋሼ የምንላቸው፣ የስልካቸውን ሰዓት በእጅ ወደ እኛ አቆጣጠር ያዞሩታል። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 2 ይላል። ለእሳቸው ልክ ነው። ስልኩ ግን ሌሊት 8 ሰዓት የሆነ ይመስለዋል፤ ከእውነተኛው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰርቨሩ የመግቢያ ፈቃድ ሲሰጥ ሰዓት ይጽፍበታል። ስልኩ ያንን አንብቦ "ይህ ገና ያልደረሰ ሰዓት ነው" ሊልና ሊጥለው ይችላል። ቢያስገባቸውም ጠዋት ያደረሱት ሌሊት ያደረሱት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ሰዓቱን "በራሱ ይስተካከል" የሚለው ላይ መልሱት፣ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ ትንሽ አፕ ደግሞ ፊት ለፊት አድርጉላቸው። "ጋሼ፣ ሰዓትዎን አልነካሁብዎትም፣ እዚህ አለ" ብላችሁ አሳዩዋቸው። የእሳቸውን ሰዓት ሳትመልሱ ብትሄዱ ነገ እንደገና ያዞሩታል።

ቪፒኤን ሌላው ነው። ማታ ለሌላ ጉዳይ ከፍቶት ጠዋት ሳይዘጋው ይወጣል። ሥርዓቱ ከሌላ አገር የሚገባ ሰው ያየና ይዘጋበታል።

ካርታ ላይ ለሚጠፋው ደግሞ ሁለት ነገር እዩ። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የቦታ ፈቃድ "ሁልጊዜ" እና "አፑ ሲከፈት ብቻ" ተብሎ ተለያይቷል፤ ሹፌር የሚያስፈልገው ሁልጊዜ የሚለው ነው። ሁለተኛው ባትሪ ቆጣቢው ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ከስልኩ ጋር የሚመጣው ቆጣቢ ከኋላ የሚሠራ አፕ ይዘጋል። የእናንተን አፕ ከዚያ ዝርዝር አስወጡት። አንድሮይድ 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የማሳወቂያ ፈቃድም ለብቻው ይጠየቃል፤ ሹፌሩ "አልፈቅድም" ብሎ አልፎት ከሆነ አዲስ ትዕዛዝ ሲመጣ ድምፅ አይሰማም።

በኮድ፣ በፓስወርድ ወይስ በኢሜይል?

ሶፍትዌር እየመረጣችሁ ከሆነ ይህን ከዋጋው እኩል ጠይቁ። ግማሹ የአካውንት ጣጣ የሚመጣው ከመግቢያው ዓይነት ነው።

ኢሜይል ለእኛ ሹፌሮች የመጨረሻ ምርጫ ነው እላለሁ። ብዙዎቹ ኢሜይል ያላቸው ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ ስለከፈተላቸው ነው። ፓስወርዱን አያውቁትም። "ፓስወርድ ረሳሁ" ሲሉ ማደሻው ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ይሄዳል። ኢሜይል የግድ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ ይክፈትላቸው፣ ቢሮ የሚከፈት ይሁን።

በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ደስ ይላል፤ የሚረሳ ነገር የለውም። ችግሩ ኮዱ ከውጭ አገር ሲላክ መዘግየቱ ነው። ሹፌሩ ይቸኩልና ደጋግሞ ይጫናል። አዲስ ኮድ ሲጠየቅ የድሮው ይሞታል። ከዚያ የመጀመሪያው ይደርሰውና ያስገባል፣ "ስህተት" ይባላል፣ በመጨረሻም ይታገዳል። አንድ ጊዜ ተጭኖ እጁን ሰብስቦ እንዲጠብቅ ንገሩት። ሁለት ሲም ያለው ከሆነ ደግሞ የተመዘገበው ቁጥር ስልኩ ውስጥ መሆኑን ይይ፤ ዳታው በአንዱ፣ ኮዱ ቤት በቀረው ሲም ሊሆን ይችላል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም ቁጥር፣ ጠዋት በሥራ ሰዓት፣ ኮዱን ሞክሩት።

ስልክ ቁጥርና ከቢሮ የሚሰጥ ፓስወርድ ከሃያ ሹፌር በታች ላለው ድርጅት ይሻላል ባይ ነኝ። ሲረሳ እናንተ በደቂቃ ትቀይሩለታላችሁ፤ ማንንም አትለምኑም። ለሁሉም አንድ ፓስወርድ መስጠት ግን አይሆንም። የለቀቀው ልጅ ያውቀዋል።

የሶፍትዌሩ ሻጭ ጋ መቼ ይደወል?

ቁጥሩ ልክ ሆኖ፣ ፓስወርዱ ተቀይሮ፣ ሌላ ስልክ ላይ ተሞክሮ ካልገባ ጉዳዩ ከእናንተ እጅ ወጥቷል። ሌላ ስልክ ላይ መሞከር ያልኩትን አትዝለሉት። እዚያ ከገባ ችግሩ ስልኩ ነው፤ እዚያም ካልገባ አካውንቱ ነው። ሁለት ሹፌር በአንድ ጊዜ ካልገቡ ደግሞ ምንም ሳትነኩ ወዲያው ጻፉ፤ የሰርቨር ችግር ሊሆን ይችላል።

"አፑ አይሠራም" ብላችሁ ከጻፋችሁ ተመልሶ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ የሰዓት ልዩነት ካለ ቀኑ ያልቃል። የሹፌሩን መለያ ቁጥር፣ የስልኩን ዓይነትና የአንድሮይድ ቁጥሩን፣ የአፑን ስሪት፣ ችግሩ የደረሰበትን ሰዓትና ስክሪንሹቱን አንድ ላይ ላኩ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉት፣ የአዲስ አበባ መሆኑንም ግለጹ። የሞከራችሁትን ሁሉ ዘርዝሩ። በመጨረሻም "እባካችሁ አካውንቱን ሳታስፈቅዱን አትሰርዙት" የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። አንዴ ሳልጨምር ቀርቼ፣ የድጋፍ ሠራተኛው እኔ መገናኛ ለቆመው ልጅ ያደረግኩትን ለሌላ ሹፌር ደገመው።